ለድንኳን በአዳር 690 ዶላር? የማሳይ ማራ ካምፕ ለመያዝ ላሰቡ ባልና ሚስት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ በመጪው ጥር ከተጋባን 10 ዓመት ይሞላናል። የ7 ዓመት ሴት ልጃችንን ይዘን ኬንያ፣ ማሳይ ማራ ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል። ሁለት ፕሮፎርማ ደርሶናል። አንደኛው ካምፕ ከሪዘርቩ ውጭ፣ ሰኬናኒ በር አጠገብ ነው፤ ለአንድ ሰው በአዳር 280 ዶላር። ሁለተኛው ናቦይሾ የሚባል ኮንሰርቫንሲ ውስጥ ነው፤ 690 ዶላር። ሁለቱም ድንኳን ናቸው! አማቴ ‹ድንኳን ከሆነማ የእድራችን አለ፣ በነፃ እናውሳችሁ› ብለው ሳቁብን። እውነት ለድንኳን ይሄ ሁሉ ገንዘብ ይከፈላል? የሁለቱ ልዩነትስ ምንድን ነው? ልጅ ይዞ መሄድ አያሰጋም?» ከአያት፣ አዲስ አበባ።

ምላሽ፦

አማትህ አልተሳሳቱም። እኔም ናይሮቢ መጥቼ የጉዞ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነበር። አለቃዬ የካምፖችን የዋጋ ዝርዝር ሰጠኝ። አንዱ ሸራ ከደህና ሆቴል ክፍል ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዜሮ በስህተት የተጨመረ መስሎኝ ተመልሼ ጠየቅኩት። ሳቀና «መጀመሪያ ሂድና እደር» አለኝ።

ሄጄ አደርኩ። አሁን ሥራዬ ሰው ወደዚያ መላክ ነው። የገባኝን ልንገርህ። ከ690 ዶላሩ ውስጥ ድንኳኑ ትንሹ ወጪ ነው። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ዙሪያው ያለው ባዶ መሬት ነው። ስለዚህ ስለ ድንኳኑ ከማውራቴ በፊት ስለ መሬቱ ታገሠኝ።

ማሳይ ማራ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ፓርክ ይመስለዋል። በውስጡ ግን ሁለት ዓይነት መሬት አለ። አንዱ ብሔራዊ ሪዘርቩ ነው። ስፋቱ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለቤቱ የናሮክ ካውንቲ ነው። ሌላው ከሪዘርቩ በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ተያይዞ ያለው የማሳዮች የግል መሬት ነው። በመካከላቸው አጥር የለም። አንበሳው ጠዋት ሪዘርቩ ውስጥ ውሎ ማታ የሰው ካርታ ላይ ያድናል።

ይሄ የማሳዮች መሬት ድሮ የጋራ ነበር። በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) በወጣ ሕግ «ግሩፕ ራንች» እየተባለ በየማኅበረሰቡ ስም ተመዘገበ። ኋላ ደግሞ ለአባወራ ለአባወራ ተሸነሸነ። ኮያኪ በሚባለው አካባቢ ለአንድ አባወራ ወደ 60 ሄክታር ደረሰው። ለእኛ ገበሬ 60 ሄክታር ርስት ነው። ለማሳይ ከብት አርቢ ግን ጠባብ ነው። ዝናብ እዚህ ከድቶ እዚያ ሲጥል ከብቱ መከተል አለበታ! እናም አንዱ አጠረ፣ አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ለስንዴ አከራየ። በአጥር የተሸነሸነ ሜዳ ላይ ደግሞ ዝሆንም፣ በመንጋ የሚሰደደው ዊልደቢስትም መተላለፊያ ያጣል።

ኮንሰርቫንሲ የመጣው ከዚህ ጣጣ ነው። መሬታቸው የሚዋሰን ባለካርታዎች ይሰበሰቡና በአንድነት ያከራያሉ። ተከራዮቹ ካምፖቹ ናቸው። በውሉ መሠረት ማንም አያጥርም፣ አያርስም፣ ቤት አይቀልስም። ኪራዩ በባለመሬቱ የባንክ ሂሳብ ይገባል። እንግዳ መጣም ቀረም መከፈል አለበት፤ የውሉ ቁልፍ ይሄ ነው። ኦል ኪንዬይ በ2005፣ ኦላሬ ኦሮክ በ2006፣ ማራ ኖርዝ በ2009፣ አንተ የጠየቅከው ናቦይሾ ደግሞ በ2010 በዚህ መንገድ ተቋቋሙ። በ2013 የወጣው የኬንያ የዱር እንስሳት ሕግ ለኮንሰርቫንሲዎች ሕጋዊ እውቅና ሰጣቸው።

ነገሩ ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። መንዝ ጓሳን አስብ። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በአባቶች ሥርዓት ሲፈቀድ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ የተረፉት ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ስለጠበቀው ነው። ማራ ላይ የተጨመረው ነገር ኪራይ ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ናቦይሾ 50,000 ኤከር ገደማ ነው፤ ወደ 20,000 ሄክታር ማለት ነው። ባለመሬቶቹ ወደ 500 ይሆናሉ። ጠንከር ያሉት ኮንሰርቫንሲዎች የሚሠሩበት ልክ አንድ ድንኳን ለ350 ኤከር ነው። በሄክታር 140 ያህል። አንተ የአያት ሰው ነህ፤ 140 ሄክታር ላይ ስንት ኮንዶሚኒየም እንደሚቆም ታውቃለህ። እዚያ አንዲት ድንኳን ናት የምትቆመው። ለሄክታር በዓመት 40 ዶላር ኪራይ ይከፈላል ብለን እንያዝ። ለዚያች ለአንዲት ድንኳን ብቻ በዓመት 5,600 ዶላር ለባለመሬቶች ይወጣል ማለት ነው። የሬንጀሩ (የዱር እንስሳት ጠባቂው) ደመወዝ፣ መንገዱና ናፍጣው ገና አልተነካም። ድንኳኗ በሚያዝያ ዝናብ ባዶዋን ብትቀመጥም ኪራዩ ይቆጥራል።

ከባለመሬቶቹ አንዱ ወዳጄ ነው። አንድ ቀን ናሮክ ከተማ ሻይ ይዘን ስልኩ ጮኸ። የባንክ መልእክት ነበር። አሳየኝና «ይቺ ድርቅ የማይገድላት ላሜ ናት» አለኝ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ግን ያቺም ላም ከሳች። ቱሪስት ቆመ፤ በየኮንሰርቫንሲው ኪራይ ተቀነሰ። ወዳጄ ያን ጊዜ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሸፈን እውነተኛ ላም ሸጧል።

ሁሉም ወርቅ ነው ብዬ አላሞኝህም። ካርታው በአብዛኛው በወንዶች ስም ስለሆነ ኪራዩም የሚገባው ለወንዶቹ ነው። ካርታ የሌለው ጎረቤት ዝሆን በረቱን ሲያፈርስበት ኪራይ አያገኝም። የግጦሹ ደንብም ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። በነገራችን ላይ ኮንሰርቫንሲ ውስጥ ከብት ብታዩ አትበሳጩ። በተራ የሚግጡበት ፈረቃ አላቸው። አንዳንድ እንግዳ «ለላም ነው እንዴ የከፈልኩት?» ይለኛል። እኔ እንዲያውም ከብት ካየሁ ቦታው እውነተኛ መሆኑን አምናለሁ።

እናንተ ከዚህ ሁሉ ምን ታገኛላችሁ? ጸጥታ። ሪዘርቩ ውስጥ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዊልደቢስት የማራን ወንዝ ሲሻገር፣ አንድ ዳርቻ ላይ መኪናው እንደ መገናኛ አደባባይ ነው። እየተጋፋ፣ ናፍጣው እየጨሰ። ኮንሰርቫንሲ ውስጥ የሚገባው እዚያው በሚገኙ ካምፖች ያደረ እንግዳ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ መኪና የለም። አንድ አንበሳ ዘንድ ከ5 መኪና በላይ አይቆምም። ሌሎቹ ራቅ ብለው ተራ ይጠብቃሉ። ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት ይቻላል። ማታ በባትሪ ብርሃን መዞርም፣ መሣሪያ ከያዘ ጠባቂ ጋር በእግር መሄድም ይቻላል። ሪዘርቩ ውስጥ እነዚህ ክልክል ናቸው።

አንድ ጠዋት ላሳይህ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ነው የወጣነው። አስጎብኚው አንድ ጉብታ ሥር ሞተሩን አጠፋ። አቦሸማኔ ናት፤ ብቻዋን ቆማለች። ከዚያ እንደ ወፍ ጮኸች። እውነቴን ነው፤ አቦሸማኔ ግልገሎቿን ስትጠራ ድምፁ የወፍ ነው። ሦስት ግልገሎች ጤዛ የጠጣ ሣር ውስጥ እየተሰናከሉ መጡ፤ ጀርባቸው ላይ ሽበት የመሰለ ጸጉር። ዐርባ ደቂቃ ያህል ቆየን። ሌላ መኪና አልመጣም። በጸጥታው ውስጥ የሞተሩ ብረት ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው ይሰማ ነበር። ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለአለቃዬ ዳግም ሳልጠይቀው የቀረሁት ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው።

ወደ ፕሮፎርማዎችህ እንምጣ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርገህ 280 ከ690 ብለህ ካየኸው ትሳሳታለህ።

የ280ው ካምፕ ብዙ ጊዜ አልጋና ምግብ ብቻ ነው። እንስሳ ለማየት መኪና ከነሾፌሩ ትከራያለህ። ለደህና ላንድክሩዘር በቀን 250 ዶላር ያዝ። ከዚያ የሪዘርቩ መግቢያ አለ። ከ2024 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ አዋቂ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት የፈረንጅ ወራት 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ሆኗል። ትኬቱ የሚሠራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ካምፑ ከበሩ ውጭ ስለሆነ በገባችሁበት ቀን ሁሉ ትከፍላላችሁ። በደረሳችሁበት ቀን አመሻሽ ላይ ለሁለት ሰዓት ብትገቡም ክፍያው ያው ነው።

የልጅቷን ለጊዜው እንተወው። ለሁለት አዋቂ አልጋ 560፣ መኪና 250፣ መግቢያ 200። ድምሩ በቀን 1,010 ዶላር ይመጣል። የናቦይሾው ሁለት ሰው 1,380 ነው። በተለመደው አሠራር በዚህ ውስጥ ምግቡ፣ መኪናው፣ አስጎብኚው፣ የሌሊት ጉዞው፣ የእግር ጉዞውና አብዛኛው መጠጥ ይካተታል። ልዩነቱ 820 መስሎህ ነበር፤ 370 ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄም ገንዘብ ነው፣ አልካድኩም። ግን አሁን የምታወዳድረው እኩያ ከእኩያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጣራ። የኮንሰርቫንሲው ክፍያ ለአንድ ሰው በአዳር ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል። አንዳንዱ ካምፕ በዋጋው ውስጥ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ለብቻ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ከታች ይወሽቀዋል። 690ው ውስጥ አለ ወይስ የለም? በጽሑፍ አስመልስ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። የእድሩን ድንኳን እርሳው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ላይ የተወጠረ ወፍራም ሸራ ነው። ውስጡ ሰፊ አልጋ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን። ከኋላ በኩል ሽንት ቤትና ሻወር አለው። ብዙዎቹ ካምፖች ሻወሩን በባልዲ ነው የሚያሠሩት፤ ይሄን እኔ እወደዋለሁ። «አሁን ልታጠብ ነው» ስትል አንድ ሠራተኛ የሞቀ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል። ከሸራው ውጭ በገመድ የተሰቀለ ባልዲ ውስጥ ይገለብጠዋል። ገመዱን ስትስብ ከላይ ይወርድልሃል። ውሃው ወደ 20 ሊትር ነው። ሳሙናውን ሳታጥብ እንዳያልቅብህ ቶሎ በል። መብራቱ ከሶላር ነው። የጸጉር ማድረቂያ በአብዛኛው አይሠራም፤ ለባለቤትህ ቀድመህ ንገራት፤ በጋብቻ በዓል ላይ ጠብ አያስፈልግም።

ማታ እራት ስትበሉ ሠራተኞች ገብተው ዚፑን ይዘጋሉ፣ አልጋውን ያዘጋጃሉ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ሙቅ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ያስቀምጣሉ። ማራ ደጋ ቢጤ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትርና ከዚያ በላይ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ይሄን ነገር ያልተነገረው እንግዳ አልጋው ውስጥ ሲገባ እግሩ ለስላሳና ሙቅ ነገር ይነካል። ጩኸቱ ካምፑን ሁሉ ይቀሰቅሳል። አንድ ጊዜ የላክኩት ትልቅ ሰው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ በቁምጣ ወጥቶ ሮጧል።

ስለ ልጅህ። እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ።

የኮንሰርቫንሲ ካምፖች በአብዛኛው አጥር የላቸውም። ዝሆን በድንኳኖቹ መሐል ሊያልፍ ይችላል፤ ጅብ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ሆኖም ድንኳኑን እንስሳት እንደ ጠጣር ነገር ነው የሚያዩት። ዚፑ ተዘግቶ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ደህና ናችሁ። አደጋ የሚመጣው ከጨለመ ወዲያ ብቻውን በወጣ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቦታ ደንቡ አንድ ነው፦ ከመሸ በኋላ ያለ ዘበኛ እርምጃ የለም። ዘበኛውን በስዋሂሊ «አስካሪ» ይሉታል። «አስካሪ ልላክላችሁ?» ቢሏችሁ መጠጥ መስሏችሁ እንዳትመልሱት። ጦርና ባትሪ ይዞ የሚመጣ ማሳይ ነው። ሣሩን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው የሚያየው። አንዴ አብሬው ስሄድ እጁን ደረቴ ላይ ጣል አድርጎ አስቆመኝ። ምንም አልታየኝም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ጉማሬ ከፊታችን ሣር እየነጨ አለፈ። ሣሩ ሲቆረጥ ድምፁ ማጭድ ነው የሚመስለው።

የ7 ዓመት ልጅ በሁሉም ካምፕ አይገባም። አንዳንዱ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ከ12 በታች ጭራሽ አይቀበልም። የእግር ጉዞ ለእሷ እንደማይፈቀድ አስቡት፤ ያኔ አንዳችሁ ከእሷ ጋር ትቀራላችሁ። በር የሚያገናኛቸው ሁለት ክፍል ያለው የቤተሰብ ድንኳን ጠይቁ። እኔ እንደ አባት ብመርጥ ከወንዝ ዳር ይልቅ ሜዳ ላይ ያለ ካምፕ እመርጣለሁ፤ ጉማሬ የሚኖረው ወንዝ ውስጥ ነውና። ድንኳን ውስጥ ብስኩትና ሙዝ አታስቀምጡ። ዚፕ መክፈት የሚችል ጦጣ አለ። ቀልድ እንዳይመስልህ።

ከተቻለ መኪናው የእናንተ ብቻ ይሁን። ተጨማሪ ያስከፍላል። ግን ልጅ «ሽንቴ መጣ» ስትል ከማያውቋት አራት ፈረንጆች ጋር መሆንና ብቻችሁን መሆን አንድ አይደለም።

ጤናን በተመለከተ፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ቦሌ ላይ ትዝ እንዳይላችሁ። ወባም አለ፤ ስለ መከላከያ ኪኒን፣ በተለይ ስለ ልጅቷ፣ ሐኪም አማክሩ። ካምፑ ከፍላይንግ ዶክተርስ ጋር የአየር አምቡላንስ ሽፋን እንዳለው ጠይቁ። ብዙዎቹ አላቸው።

ወቅቱን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ጥር ላይ የዊልደቢስቱ ጎርፍ ማራ ውስጥ የለም። ታንዛኒያ ነው፤ ሰሬንጌቲ ደቡብ፣ ሊወልድ ወርዷል። ወንዝ ሲሻገር ለማየት ከሆነ ጉዞህ ቀኑን ቀይር፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። እኔ ግን በጥር እንድትቀሩ እመክራለሁ። የገና ግርግር አልፏል፣ ዋጋ ወርዷል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ አቦሸማኔ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ የትም አይሄዱም፤ የአገሩ ነዋሪ ናቸው። ሚያዝያንና ግንቦትን ሽሹ። ያ ጥቁር አፈር የእኛ መረሬ ነው። ዝናብ ሲነካው መኪና አይለቅም።

መንገዱን አጭር ላድርገው። በመኪና ከናይሮቢ በናሮክ በኩል አምስት ስድስት ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ያንገጫግጫል። በትንሽ አውሮፕላን ከዊልሰን ኤርፖርት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ዊልሰን ግን ከቦሌ የምታርፉበት ጆሞ ኬንያታ አይደለም። በመካከል የናይሮቢ ትራፊክ አለ፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ናይሮቢ እደሩ። በትንሿ አውሮፕላን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እሱም ለስላሳ ሻንጣ። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ አይገባም። ፌስታልም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ልብሳችሁ ቡናማ ወይም አመድማ ይሁን። ወታደራዊ ዥጉርጉር በፍጹም። ለንጋቱ ደህና ጃኬት ያዙ።

የሰዓት ነገር አንድ ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት 12 ሲሉ ንጋት ነው። ለቱሪስት ሲናገሩ ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ። «ስድስት ሰዓት እንነሣለን» ቢላችሁ ንጋት 12 ማለቱ ነው። ስድስት ብላችሁ እስከ እኩለ ቀን የተኛችሁ እንደሆነ አንበሳው ቁርሱን ጨርሶ ተኝቷል።

ምግቡ አያሳስብም። ጥር ላይ ስለሆነ ረቡዕና አርብ ብቻ ይሆናል ጾሙ፤ ነነዌ ወይም የጥምቀት ጋድ ካልገጠማችሁ። «ቬጋን» ብትሉ ይገባቸዋል። ሆኖም ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይገባ ዘርዝራችሁ በቡኪንግ ጊዜ ጻፉ፤ የሚበላው ሁሉ ከናይሮቢ በመኪና ነው የሚመጣው። እኩለ ቀን ድረስ የምትጾሙ ከሆነም ንገሩ፤ አለበለዚያ ሜዳ መሐል የመኪና አፍንጫ ላይ ቁርስ ዘርግተው ታዝናላችሁ። ቡናቸው ጥሩ ነው፣ ግን ወተት አፍስሰው ነው የሚያመጡት። አንዲት እንግዳዬ ጀበናና ዕጣን ይዛ ሄዳ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከሰል ልታያይዝ ስትል ሥራ አስኪያጁ ሊሞት ምንም አልቀረው፤ ሸራ ነው እኮ! በኋላ ውጭ፣ እንግዳ ሁሉ ማታ ከቦ የሚቀመጥበት እሳት ዳር አፈላች። ማሳዮቹ ሦስተኛውን ሲኒ ሳይጠጡ አልተነሡም።

ከመክፈልህ በፊት ግን ተጠንቀቅ። «ኮንሰርቫንሲ» የሚለው ቃል ይሸጣል፤ ስለዚህ የትም ይለጠፋል። ከሪዘርቩ በሮች አጠገብ፣ ሰኬናኒና ታለክ አካባቢ፣ ካምፕ ከካምፕ ተጣብቆ በሽቦ የታጠረ ግቢ ነው። አልጋው ንጹሕ፣ ምግቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከግቢው ውጭ ግን ሱቅና መንደር ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ ቤተሰብ ስሙ ኮንሰርቫንሲ ወደሚል ካምፕ ልኬ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ የጎረቤት ጄኔሬተርና የቡና ቤት ሙዚቃ ሲሰሙ አደሩ። ካሣውን ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አሉ። ካምፑ የቆመው በየትኛው ኮንሰርቫንሲ ወሰን ውስጥ ነው? የኮንሰርቫንሲው አባል ነው ወይስ ጎረቤት? ስንት ድንኳን አለው? የሌሊት ጉዞ ከካምፑ ደጅ ይነሣል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ «ወደ ሪዘርቩ እንወስዳችኋለን» ካሉ መልሱን አገኘህ፤ ሪዘርቩ ውስጥ ሌሊት መንዳት አይፈቀድማ።

አስጎብኚው ማን እንደሆነም ጠይቅ። የኬንያ አስጎብኚዎች ማኅበር የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ይሰጣል። ለእኔ የብር ደረጃ ያለው ሰው ከመዋኛ ገንዳ ይበልጣል። ዋጋ ብቻውን አይመራህ። በ2025 በሪዘርቩ ውስጥ በሳንድ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ስም ካምፕ ከፍቷል፤ አዳሩ በሺዎች ዶላር፣ እያንዳንዱ ድንኳን የራሱ መዋኛ ያለው። የእንስሳቱን መተላለፊያ ዘግቷል ተብሎ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበት ነበር። ውድ መሆኑ መሬቱ በአግባቡ ተይዟል ማለት አይደለም።

ምርጫዬን ከጠየቅከኝ፣ ናቦይሾ። ገንዘቡ ከከበደ ሦስቱን ሌሊት ወደ ሁለት አውርደው እንጂ ቦታውን አትለውጥ። አዞና የማራን ወንዝ ካላየሁ ካልክ ከዚያው ተነሥታችሁ አንድ ቀን ሪዘርቩ ውላችሁ ተመለሱ፤ ለመግቢያው በአዋቂ 100 ዶላር ጨምር። ለጉርሻ ለአስጎብኚው በቀን ከአንድ ሰው 10 ወይም 15 ዶላር፣ ለሌሎቹ ሠራተኞች ደግሞ መግቢያው ላይ ሣጥን አለ፤ ባልዲ የተሸከመውን አትርሱት።

የቤተሰብ ድንኳን በየካምፑ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበል። ልጅቷን ደግሞ አልጋው ውስጥ ስላለው ሙቅ ውሃ ቀድማችሁ ንገሯት። ለአማትህ ግን አትንገር፤ አንድ ቀን ይዘሃቸው መሄድህ አይቀርም።